ከሲንኩ ሥር

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ቤታችሁ ውስጥ በካሬ ሜትር ሲሰላ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ክፍል የትኛው ነው? ሳሎኑ እንዳትሉኝ። ሶፋውን፣ ምንጣፉንና መጋረጃውን ደምራችሁ ለሳሎኑ ስፋት አካፍሉት። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ግቡና ካቢኔቱን፣ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሲንኩንና ሴራሚኩን ለዚያች ጠባብ ክፍል አካፍሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ማድ ቤቱ ያሸንፋል። እንግዳ የማይገባበት ክፍል መሆኑ ነው የሚገርመው።

ባለፈው ወር በዚሁ ገጽ ስለ በዓል ግዢ ስንጨዋወት «ሁሌ ስለ ሰው ሥራ ታወሪያለሽ፣ አንቺ እንጀራሽን የምትበዪበትን ለምን አትነግሪንም?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። እውነት ነው። እኔ እንጀራዬን የምበላው ከኪችን ካቢኔት ነው። በቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪዬን ይዤ፣ ሠላሳዎቹን ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ ቶጎጫሌ ውስጥ ባለ አንድ ካቢኔት ማምረቻ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን አንድ ካቢኔት ሠሪ ድርጅት እንዴት እንደሚያድግ ነው። እንዴት እንደማያድግም ጭምር። ምክንያቱም እኔ ራሴ በጻፍኩት ሁለት ቃል አንዲት እናት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያጡ ለጥቂት ነበር።

ደረቁ ወንዝ ዳር

ቶጎጫሌን ለማታውቁ፦ ከጅጅጋ ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኟት የድንበር ከተማ ናት። «ቶግ» በሶማልኛ ዝናብ ሲመጣ የሚሞላ፣ በሌላው ጊዜ የሚደርቅ ወንዝ ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ሶማሌላንድ ነው። መንገዱ ሐርጌሳን አልፎ በርበራ ወደብ ይደርሳል። ወደቡን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲፒ ወርልድ የተባለው የዱባይ ኩባንያ እያስተዳደረው ሲሆን፣ በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተመርቆበታል። እዚህ ከተማ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ሩዝና ፓስታ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ ወረፋ የያዘ አይሱዙ፣ የሽልንግ ክምር ዘርግታ ብር የምትመነዝር ሴት ታያላችሁ። ሁሉም ሰው ነጋዴ ነው። ነጋዴ ያልሆነም የነጋዴ ዘመድ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ዕቃ መሥራት ከመሸጥ ይከብዳል። የተሠራ ዕቃ በየቀኑ በደጃችሁ ያልፋል። ታዲያ ለምን ይሠራል? መልሱ ቀላል ነው። ሶፋ ተሠርቶ ይመጣል፤ የእናንተ ማድ ቤት ግድግዳ ግን ተሠርቶ አይመጣም። አንዱ ግድግዳ 2 ሜትር ከ70 ነው፣ ሌላው 3 ሜትር ከ12። መስኮቱ መሀል ላይ ነው፣ የውኃው ቧንቧ ጥግ ላይ። ካቢኔት ቤት ድረስ ሄዶ የሚለካ ሰው ይፈልጋል።

የእኛ ድርጅት የጀመረው በካቢኔት አልነበረም። አለቃዬ በሐረር ከተማ አናጢነት የተማረ ሰው ነው። እዚህ ሲመጣ የያዘው አንድ የእጅ መጋዝ ማሽን፣ አንድ መላጊያና ሁለት ረዳቶች ነበር። አልጋ፣ በር፣ ብፌና ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር። የመጀመሪያውን ኪችን ካቢኔት ያዘዙት ከውጭ ተመልሰው ቤት የሠሩ አንድ አባወራ ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩትና «ይሄን ሥራልኝ» አሉት። ሠራው። የበሩን ማጠፊያ ግን እንደ ቁም ሣጥን ከውጭ አድርጎ መታው። በፎቶው ላይ ማጠፊያ አይታይም ነበርና አባወራው ተገርመው ጠየቁት። ያኔ ነው አለቃዬ የካቢኔት ማጠፊያ ከበሩ ጀርባ በ35 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ ውስጥ የሚቀመጥ መሆኑንና ለዚያም የራሱ መብሻ እንዳለው ያወቀው። መብሻውን ከጅጅጋ ገዛ። ድርጅታችን ካቢኔት ሠሪ የሆነው በዚያች መብሻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሉሁን ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ማሽን ተገዛ። ቀጥሎ የሉሁን ጠርዝ በፕላስቲክ የሚያሽግ ማሽን፣ ያገለገለ፣ መጣ። ሠራተኛው ከሦስት ወደ አሥራ አንድ አደገ። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። መጋዝ መያዝ የማልችለዋ ማለት ነው።

ማድ ቤትን የሸጠ ኩባንያ

ሥራ ስጀምር ቅድሚያ ያደረግሁት ነገር፣ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩን፣ በዚህ ዘርፍ ማን አድጎ ማን ወደቀ ብሎ መፈለግ ነበር። ያገኘሁት ታሪክ ከእኛ ሩቅ ቢሆንም ለእኛ የተጻፈ ይመስላል።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሁዚየር ማኑፋክቸሪንግ የተባለ ኩባንያ ነበር። ሥራውን የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ፋብሪካው ተቃጥሎበት በ1900 እ.ኤ.አ. ኒው ካስል ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ የብዙ አሜሪካውያን ማድ ቤት እንደ አያቶቻችን ጓዳ ነበር። ጠረጴዛው አንድ ጥግ፣ የዱቄቱ ማስቀመጫ ሌላ ጥግ፣ ቅመሙ ደግሞ ሌላ ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት አንድ ዳቦ ለመጋገር ማድ ቤቱን ስትዞረው ትውላለች። ሁዚየር ይህን ሁሉ አንድ ቁም ሣጥን ላይ ሰበሰበው። ከላይ ዱቄት ማስቀመጫ ከነወንፊቱ፣ የስኳር ዕቃ፣ የቅመም ብልቃጦች፤ ከመሀል ወደ ፊት የሚሳብ የሥራ ገበታ፤ ከታች ድስት ማስቀመጫና ውስጡ በቆርቆሮ የተለበደ የዳቦ መሳቢያ።

ዕቃው ጥሩ ነበር። ኩባንያውን ያሳደገው ግን ሌላም ነገር ነው። አንደኛ፣ ማስታወቂያው ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ሴቲቱ እግር ያወራ ነበር። በቀን ስንት እርምጃ እንደሚያተርፍላት ይነግራታል። ሁለተኛ፣ አንድ ዶላር ከፍላ ወደ ቤቷ እንድትወስደውና ቀሪውን በየሳምንቱ አንድ አንድ ዶላር እንድትከፍል አመቻቸላት። እስከ 1920 እ.ኤ.አ. ሁለት ሚሊዮን ያህል ቁም ሣጥን እንደሸጠ ይነገራል። ስሙ ከመግነኑ የተነሳ ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሩትን ዓይነት ዕቃ ሁሉ ሰው «ሁዚየር» ይለው ጀመር። እኛ ማንኛውንም የልብስ ሳሙና «ኦሞ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች አንድ ማድ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ44 ገደማ ነው። የእኛን የኮንዶሚኒየም ማድ ቤት አስቡት። እሷ ቁም ሣጥን አላስገባችም፤ ክፍሉን ራሱን ቁም ሣጥን አደረገችው። ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ካቢኔት፣ መስኮቱ ሥር የሥራ ገበታ፣ ለእያንዳንዱ እህል የራሱ መሳቢያ። የዱቄቱ መሳቢያ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከኦክ እንጨት የተሠራ ነበር። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዛሬ «ኪችን ካቢኔት» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ነገር በአብዛኛው የእሷ ልጅ ነው።

ሁዚየርስ? አሜሪካም ውስጥ አዳዲስ ቤቶች ካቢኔታቸው ግድግዳ ላይ ተሠርቶ መሸጥ ጀመሩ። ራሱን የቻለ ቁም ሣጥን የሚፈልግ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ኩባንያው በ1942 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሁለት ሚሊዮን ቤት የገባ ድርጅት፣ ቤቱ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ አቃተው።

ይህን ታሪክ ለአለቃዬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማና «ስለዚህ መሸጥ ብቻ አይበቃም ማለትሽ ነው?» አለኝ። እኔ በበኩሌ ከታሪኩ የወሰድኩት የማስታወቂያውን ክፍል ብቻ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ።

እኛም ቤት ተለውጧል

የሐበሻ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነበር። ጭሱ፣ ምጣዱ፣ እንጨቱ ሁሉ እዚያ ነው። የሶማሌ ቤትም ቢሆን ላሆሁ የሚጋገረውና ባሪሱ የሚበስለው በግቢ ውስጥ፣ በከሰል ነው። ለእንዲህ ያለ ማድ ቤት ካቢኔት ምን ይሠራል? መደርደሪያና አንድ ሣጥን ይበቃ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን የለወጠው በዋናነት ኮንዶሚኒየም ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤቶቹ ሲገነቡና ሲተላለፉ፣ ማድ ቤቱ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ባለ ዕጣው ቤቱን የሚረከበው ገና ብዙ ሥራ ሲቀረው በመሆኑ ቀሪውን ራሱ ያስጨርሳል። ያኔ ነው አልጋና ብፌ ይሠሩ የነበሩ የእንጨት ሥራ ቤቶች «ኪችን ካቢኔት እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ በራቸው ላይ መለጠፍ የጀመሩት። ቋንቋችንም አብሮ ተቀላቀለ። የድሮ አናጢዎች ከጣሊያን የተረፈውን «ኮምፔንሳቶ» እየጠሩ ነው የኖሩት። የአሁኖቹ ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድና ላሚኔት ይላሉ። ልማዱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። ወደ ጅጅጋና ወደ እኛ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ መጣ፤ ከመሀል አገርም፣ ከውጭ ከተመለሱ ሰዎችም።

«ይሄ እንጨት ጠጥቷል»

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ለድርጅታችን በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚወጣ ማስታወቂያ አዘጋጀሁ። ፎቶው ያማረ ነበር። ነጭ የሚያብለጨልጭ በር፣ ጥቁር ግራናይት። ከሥሩ በአማርኛና በሶማልኛ ጻፍኩበት። የአማርኛው «ውኃ አይነካውም!» ይላል። ሁለት ቃል ከነቃለ አጋኖው። እንዴት እንዳወቅሁ ብትጠይቁኝ፣ አላወቅሁም። ሌሎች ሲጽፉት አይቼ ነው።

ማስታወቂያውን አይተው ከመጡት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸው ይቆይ። ሁላችንም «ኤዶ» ነው የምንላቸው፤ በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ገንዘቡን ያገኙት ከሀግባድ ነው። ሀግባድ የእኛው ዕቁብ ነው፤ ሴቶቹ በየወሩ ያዋጣሉ፣ ዙር ይዞራል። ኤዶ ዙሩ እስኪደርሳቸው ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ልጃቸው ልትዳር ስለነበር የወንዱ ቤተሰብ ሳይመጣ ማድ ቤቱ እንዲያልቅ ፈለጉ። ከፈሉ፤ ሠራን፤ ገጠምን። ሠርጉም አለፈ።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ኤዶ ቢሮዬ መጡ። ከሻርፓቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። አብጦ እንደ ረጠበ ዳቦ ፈርፈር ብሏል። አልጮሁም። አልተሳደቡም። ቀስ ብለው «ሆዮ፣ ይሄ እንጨት ጠጥቷል» አሉኝ። «ሆዮ» እናት ማለት ነው። የሶማሌ እናቶች ልጅን ሲያቆላምጡ በራሳቸው መጠሪያ ይጠሩታል። በዚያች ሰዓት ግን ቃሉ ከበደኝ።

ቀጥለው ስልካቸውን ከፈቱና የእኔን ማስታወቂያ አሳዩኝ። «ውኃ አይነካውም ነው የሚለው አይደል? የልጄ ልጅ ናት ያነበበችልኝ።»

ዋናውን ባለሙያ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከሲንኩ ሥር ያለው ካቢኔት ወለሉ አብጦ በሩ አልዘጋ ብሏል። ባለሙያው አንገቱን ካቢኔቱ ውስጥ ከትቶ ቆየና ሲወጣ «ውኃ ሲያፈሱ ነው» አለ። እኔም ላምነው ፈልጌ ነበር። ቢሮ ስንመለስ ለብቻው ጠየቅሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ነገረኝ። በዚያ ሳምንት እርጥበት የሚቋቋመው ሉህ አልቆ ነበር። የታዘዘው ከማዶ ገና አልደረሰም። ሠርጉ ደግሞ ቀርቧል። ስለዚህ ለሲንኩ ሥርም ተራውን ቺፕውድ ቆረጡለት። ቧንቧ እንዲያልፍ የተበሳውን ቀዳዳ ጠርዝም ማንም አላሸገውም። «ማን ያየዋል?» ተብሎ ነበር።

እስቲ ለማታውቁት ነገሩን ላስረዳ። ቺፕውድ ማለት የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተደባልቆ፣ በሙቀትና በግፊት ሉህ የሆነ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ይበልጥ ደቆ እንደ ጥጥ ከሆነ የእንጨት ጭረት ይሠራል። ሁለቱም ላያቸው በላሚኔት ሲሸፈን ውኃ ቶሎ አያልፋቸውም። የተቆረጠው ጠርዛቸው ግን ክፍት አፍ ነው። ከዚያ ከገባ ይጠጣል። ከጠጣ ያብጣል። ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የኤዶ አባባል ከእኔ ማስታወቂያ ይልቅ ትክክለኛ ነበር። እንጨቱ በእርግጥ ጠጥቷል።

ሁለት ቀን የፈጀ ክርክር

ለአለቃዬ ነገርኩት። የሚተካው የሲንኩ ሥር ካቢኔት ብቻ አይደለም። አጠገቡ ያለውም እርጥበት ወስዷል፣ ግራናይቱም መነሳት አለበት። ግራናይት ሲነሳ ደግሞ ሊሰበር ይችላል። አለቃዬ ወረቀት ላይ ደመረና «የአንድ ወር ትርፋችን ነው» አለ። ቀጥሎም «ለእሳቸው ከተካን ሁሉም ይመጣል» አለ። ደረሰኛችን ላይ ስለ ዋስትና የተጻፈ አንድም ቃል የለም። በሕግ ሊጠይቁን ቢሞክሩ እንኳ ውላችን «ካቢኔት፣ 4 ሜትር፣ ነጭ» ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ክፉ ሰው አይደለም። አሥራ ሁለት ደመወዝ የሚከፍል ሰው ነው። በዚያ ወር የማሽን ዕዳም ነበረበት። እኔም ብሆን የእሱን ወንበር ብይዝ ምን እንደምል አላውቅም።

እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ «ደረሰኙ ላይ ያልተጻፈው እውነት ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ተጽፏል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ወይ ካቢኔቱን እንቀይር፣ ወይ እኔ ሄጄ ዋሽቼያለሁ ልበላቸው።» ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን እርጥበት የሚቋቋመው ሉህ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ሉህ ለማን እንደሚቆርጡ ባለሙያው ጠየቀ። አለቃዬ ሳያየኝ «ለኤዶ» አለ። ከወጪው የተወሰነውን ከኮሚሽኔ እንዲቆርጥ እኔ ጠየቅሁ። ቆረጠም። እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ የማርኬቲንግ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ «ኤዶም ሃያ ደንበኛ ላኩልን» ይል ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። ኤዶ አንድ ደንበኛ ላኩ። ያቺ ሴት ሉሁን በጥፍሯ ጫረች፣ ጠርዙን ሁሉ ዳሰሰች፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ ቀብድ አልከፍልም አለች። በሌላ በኩል ወሬው ተሰምቶ አምስት የቆዩ ደንበኞች ቅሬታ ይዘው መጡ። ሁለቱ ጥፋቱ የራሳቸው ነበር። የሦስቱ የእኛ ነበር። ጠገንን። ያ ሩብ ዓመት ከነበሩን ሁሉ ደካማው ነበር።

ግን ድርጅቱ የተለወጠው ያኔ ነው። ዛሬ ለሲንክ ሥር የሚሆን ሉህ ሳይኖር ሥራ አንቀበልም፤ «ጠብቁ» እንላለን። ጠርዝ ሁሉ ይታሸጋል፣ ማንም የማያየውም። አንድ ገጽ የዋስትና ወረቀት አለን፣ በሁለት ቋንቋ። ማሽን ሲገዛ አደግን እንል ነበር። ያደግነው ግን በዚያ ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ማስታወቂያውንም ቀየርኩት። አሁን «እርጥበት የሚቋቋም፤ ውኃ ሲፈስ ግን ቶሎ ያድርቁት» ይላል። ያማረ አይደለም። እውነት ግን ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

እናንተም ነገ ካቢኔት ልታሠሩ ትችላላችሁ። ከዚህ ወገን ቆሜ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ስለ ሉሁ ጠይቁ። ለሲንክ ሥር የሚሆነው እርጥበት የሚቋቋም ሉህ ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ግን መለያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ተራ ሉህንም አረንጓዴ መቀባት ይቻላል። ስለዚህ ከየት እንደተገዛና ማሸጊያው ላይ ምን እንደሚል ጠይቁ። ውፍረቱንም አስለኩ። 16 ነው ወይስ 18 ሚሊ ሜትር? ዋጋውም ጥንካሬውም ይለያያል።

ጠርዙን በጣታችሁ ዳሱት። የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንና የታችኛውን። ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳና ሲንኩ የሚገባበት ቁርጥ በሲሊኮን መታሸጉን ሳታዩ ግራናይት አታስጭኑ። ከተጫነ በኋላ አይታይም።

ካቢኔቱ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ አድርጉ። እኛ ወለል የምናጥበው ውኃ አፍስሰን ነው። የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም እግር ያለው ካቢኔት ከሥሩ ሲታጠብ አይጎዳም።

ቁመቱን በእናንተ ክንድ አስለኩ። ቆማችሁ ክርናችሁን እጠፉ፤ ከክርናችሁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ገበታ ወገባችሁን አያሳምማችሁም። ባለሙያው በልማድ 85 ወይም 90 ይሠራል። ሽንኩርት የምትከትፉት ግን እናንተ ናችሁ።

የሚገባውን ዕቃ ቁጠሩ። ፎቶ ላይ ያለው ካቢኔት ለሁለት ሰው ሰሃን የተሠራ ነው። የእኛ ቤት የድግስ ድስት፣ የእንጀራ ምጣድና መሶብ አለው። የኤዶ ቤት የሃምሳ ሰው ባሪስ የሚበስልበት ድስት አለ። ትልቁን ድስታችሁን አምጥታችሁ አስለኩት። ምጣድና የከሰል ምድጃ ደግሞ ከላይኛው ካቢኔት ሥር አታስቀምጡ፤ እንፋሎቱና ሙቀቱ ጠርዙን ያላቅቀዋል።

ግድግዳውን ዕወቁ። ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ላይ ሰሃን የሞላ ካቢኔት በተራ ሚስማር አይሰቀልም። በምን እንደሚይዙት ጠይቁ። ከሥሩ ልጅ የሚቆምበት ቦታ ነውና አትፈሩ።

ገንዘቡን በአንዴ አትስጡ። ቀብድ፣ ሲገጠም የሚከፈል፣ እና ጥቂት ደግሞ ከወር በኋላ የሚለቀቅ አድርጋችሁ ተዋዋሉ። ውሉ ላይ የሉሁ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ የማጠፊያው ዓይነት፣ የሚረከቡበት ቀንና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። ሠሪው ቢቀየም ግድ የለም። የሚቀየመው ዛሬ ነው፤ እናንተ ግን የምትኖሩት ከካቢኔቱ ጋር ነው።

በመጨረሻም ማስታወቂያ ስታዩ፣ የእኛን ጨምሮ፣ «ይህን ውሉ ላይ ትጽፉልኛላችሁ?» በሉ። የሚጽፍላችሁን ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ኤዶ ቤት ሻሂ ጠጣሁ። ልጃቸው አራስ ሆና መጥታ ነበር። ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁና ማንም ሳያየኝ የሲንኩን ሥር ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። ደረቅ ነው። ዞር ስል ኤዶ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «በየሳምንቱ አርብ እኔም እዳስሰዋለሁ» አሉኝ። ይቅር ብለውኛል፤ ማመን ግን ገና ጀምረዋል። ትክክል ናቸው።

እናንተም ዛሬ ማታ ዕቃ አጥባችሁ ስትጨርሱ፣ የሲንኩን ሥር ከፍታችሁ በእጃችሁ ዳሱት። ደረቅ ከሆነ ሠሪውን አመስግኑት፤ ስልክ ደውላችሁ ብትነግሩት እንዴት ደስ እንደሚለው አትጠይቁኝ። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። ያያችሁትንም ጻፉልኝ።

እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ቆዩኝ።